ጥሬው ለማን፣ ውሃው የት? በሰንዳፋና በአካባቢዋ ወፍን በጓሮ ስለ መመገብ

በአሜሪካ ብርዱ ሲጠና በየቤቱ ጓሮ ረጅም ቱቦ ይሰቀላል። በቱቦው የሚሞላው ቀጭን ጥቁር ዘር ለሸዋ ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ ኑግ ነው። መነሻ አገሩ ኢትዮጵያ የሆነው ይህ የቅባት እህል ከእኛም ከሕንድም እየተጫነ ባሕር ይሻገራል። አብሮት የሚመጣ የአረም ዘር እንዳይበቅል በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ እንዲሞቅ የአሜሪካ የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የወፍ መኖ ነጋዴዎች «ናይጀር» የሚል የንግድ ስም አስመዝግበውለታል። ኑግን ከሌላ ዘር አስበልጦ የሚወደው ጎልድፊንች የተባለ ትንሽ ቢጫ ወፍ ነው። የዚህ ወፍ የሥጋ ዘመዶች በሱሉልታ ሜዳና በሰንዳፋ ማሳ ዳር ይኖራሉ።

በእነዚህ አዲስ አበባን በከበቡ ከተሞች ግቢ ያለው ሰው ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከመጠቃለላቸው በፊትም ሆነ በኋላ፣ ገብስና ጤፍ ይዘራበት የነበረ መሬት ቤት ሲበቅልበት ቆይቷል። ከመሀል ከተማ ጥበት ወጥቶ ትንሽ ጓሮ ያገኘ ሰው ወፍ ቢመጣለት ይወዳል፤ መመገቢያ ልስቀል ወይ፣ ምን ዓይነት ይሁን፣ የትስ ላድርገው ብሎ ይጠይቃል። ተጽፎ የሚያገኘው መልስ ግን አብዛኛው በረዶ ለሚጥልበት አገር የተዘጋጀ ነው። እዚያ መሬቱ በበረዶ ሲሸፈን ወፏ ያንን ረጅም ሌሊት የምታድርበት ስብ ካላገኘች ትሞታለች፤ ስለዚህ መኖው ሕይወት ያድናል። ሰንዳፋ ላይ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም መሬቱ አይዘጋም። እዚህ ወፍን የሚቸግራት በመጀመሪያ ውሃ ነው፣ ቀጥሎ መጠለያ ቁጥቋጦ፤ ጥሬ በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን ከያዝን ስለ ዕቃውና ስለ ቦታው የሚነሳው ጥያቄ ግማሹ ይመለሳል።

ወፍ መመገብ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚል ካለ ሐዋሳን ይይ። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ አባ ኮዳዎች ከሰው መሀል ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ሐረር ላይ ደግሞ ሥጋ ይዞ እጁን የዘረጋ ሰው ጭልፊት ከአየር ወርዳ ትነጥቀዋለች። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ እርግቦችም ጥሬ የሚበትንላቸው ሰው አጥተው አያውቁም። የጓሮ መመገቢያን አዲስ የሚያደርገው ትንንሾቹን ወፎች አስቦ፣ ለእነሱ በሚስማማ መጠንና ቦታ መሰናዳቱ ነው።

ለመሆኑ ወደ ጓሯችን የሚመጣው ማን ነው? ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል፤ ሰንዳፋና ሱሉልታ ባሉበት ከፍታ ግን የግቢ ወፎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ራሷ ግራጫ፣ ጀርባዋ ቀይ ዳማ የሆነችው ድንቢጥ ቀድማ ትደርሳለች። ዋኔዋ መሬት ለመሬት ትለቅማለች። ማጅራቷ ላይ ነጭ ሰበዝ የመሰለ ምልክት ያላት እርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አትገኝም፤ ድሮ በገደል ትራባ ነበር፣ ዛሬ የቤታችን ጣሪያ ገደሏ ሆኗል። ቅንድቧ ነጭ፣ መላ አካሏ ቡናማ የሆነች ደቃቃ ዘር ለቃሚም አለች፤ እሷም የእነዚሁ ሁለት አገሮች ብቻ ናት፤ ሰው ስለማትፈራ እግር ሥር ድረስ ትመጣለች። ወንዱ ራሱ ጥቁር፣ ገላው አረንጓዴና ቢጫ የሆነው ሲስኪን ግን ኢትዮጵያ ብቻ የሚኖር ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት የጎልድፊንች ዘመድም እሱ ነው። ወርቅማ ደረት ያለው ሸማኔ ወፍ፣ ጅራተ ረጅሟ ፍሬ በል፣ ጽድ ላይ የምትሰፍረው አረንጓዴ በቀቀን፣ ስሙን ከተከዜ ያገኘው ሐምራዊው አበባ መጣጭ ሲጨመሩ ጓሮው ሞላ። የሁሉም ምግብ ለየቅል ነው። ጥሬ ብቻ የተቀመጠበት ጓሮ ድንቢጥና እርግብ ይሰበስባል እንጂ አበባ መጣጩን አያመጣም።

ጊዜውን እንመልከት። ከኅዳር እስከ ጥር መኸር ይሰበሰባል፤ አውድማ ላይ፣ ቃርሚያ ውስጥ፣ በየመንገዱ ዳር የተንጠባጠበ እህል ሞልቷል። በዚያ ወራት ጓሮ ላይ ጥሬ መበተን ጠግቦ ላደረ እንደ መጋበዝ ነው። በጋው እየገፋ ሲሄድ ግን ምንጩ ይደርቃል፣ ቦዩ ይሰነጠቃል፣ ወፉም ከቧንቧ ጠብታ ሥር ሲንጠለጠል ይታያል። የጥሬ እጥረት የሚመጣው ብዙ ሰው ከማይጠረጥረው ወቅት ነው፤ ሰኔና ሐምሌ። ያን ጊዜ መሬት ላይ የቀረው ዘር ሁሉ በዝናብ ይበቅላል፣ አዲሱ አረም ደግሞ እስከ መስከረም አያፈራም። ትል የሚበሉት በክረምት ሲጠግቡ ዘር ለቃሚዎቹ ይጠብባቸዋል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ውሃው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሳይቋረጥ፣ ጥሬው ደግሞ በክረምቱ መግቢያ፣ ያውም ጣሪያ ባለው ገበታ ላይ በትንሽ በትንሹ ቢቀርብ ይሻላል።

ውሃውን ለምን እንደማስቀድም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል አለ፤ አንበሳና ነብር ከግራና ቀኝ፣ አንዲት ወፍ ደግሞ ከዐይናቸው እንባ ስትጠጣ። ትውፊቱ ወፏ በጥም ልትሞት የደረሰች ነበረች ይላል። የጻድቁ ዓመታዊ በዓል መጋቢት 5 ይውላል፤ የሸዋ ደጋ ውሃ የሚያጥረውም በዚያው ሰሞን ነው።

የውሃው ዕቃ ቀላል ነው። ጣባ ወይም የተጣለ ገበቴ ይበቃል። ጥልቀቱ ከሁለት ጣት ስፋት አይለፍ፤ ትንሽ ወፍ ከዚያ በላይ በሆነ ውሃ ውስጥ ቆሞ መታጠብ አይደፍርም፣ ጫጩትም ሊሰጥም ይችላል። ውስጡ ልሙጥ ከሆነ ሸካራ ድንጋይ ይቀመጥበት፤ እግር መርገጫ ይሆናል፣ ንብም ገብታ እንዳትሞት ይረዳል። በየቀኑ ይደፋና ይታጠብ፤ የተደፋው ለአበባ ወይም ለጎመን ይሆናል። በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ውሃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ሊትር ለወፍ ማስቀመጥ ብክነት ይመስል ይሆናል፤ ግን ያው ሊትር መጨረሻው ጎመኑ ሥር ነው።

ጥሬው ላይ የሚነሳው ከባድ ጥያቄ የኑሮ ውድነት ነው። ዘይት በተወደደበት፣ ጤፍ የቤተሰብ ገቢ በሚበላበት ጊዜ እህል ለወፍ መበተን ተገቢ ነው ወይ የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ጥሩው ነገር ወፍ ምርጥ እህል አትፈልግም። እህል ሲበጠርና ሲነፋ ሰፌድና ወንፊት ላይ የሚቀረው ግርድ፣ የተሰበረው ስንዴ፣ የአረሙ ዘር፣ ከጤፍ ጋር የመጣው ደቃቅ ሁሉ ለደቃቃዋ ዘር ለቃሚ ከገዛ ምግቧ ጋር አንድ ነው። ወፍጮ ቤት ደጃፍ የሚጠረገውም ይሠራል፤ አሸዋ ይለቀም እንጂ። ኑግ የሚገዛ ሰው አንድ እፍኝ ለሳምንት ይበቃዋል። የፈረንጅ ሱፍ ለሸማኔ ወፍና ለእርግብ ይሆናል። ማሽላና ዳጉሳ ካለ ድንቢጧ ትወዳቸዋለች።

የማይሰጠውን በጥብቅ መናገር ይገባል። ለዘር የተዘጋጀና ቀለም የተቀባ እህል መርዝ አለበት። የነቀዝ ዱቄት የተነሰነሰበትም እንዲሁ። ወጥ የነካው እንጀራ ጨውና በርበሬ ስላለው ይቅር፤ ደረቅ እንጀራም ቶሎ ይሻግታል። የሻገተ ነገር ሁሉ አደጋ ነው፤ በተለይ ፋጉሎ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሞች የሚመገቡትን መኖ መርምሮ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቷል፤ ዋና ምንጩም የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ታይቷል፤ መርዙ ወተቱ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር። ላምን የሚጎዳ መርዝ አሥራ ምናምን ግራም የምትመዝን ወፍ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ሥጋና ጮማ ደግሞ ጭልፊትና ቁራ ይጠራል፤ እነሱ ሲለምዱ የጎረቤት ጫጩት አይተርፍም።

የመመገቢያው ዓይነት የሚመረጠው በተጋባዡ ነው። ዋኔና እርግብ ተንጠልጥለው መብላት አይችሉም፤ ሰፊ ጠፍጣፋ ነገር ይፈልጋሉ። ለዚህ የተሰነጠቀ የሸክላ ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ወይም በግንድ ራስ ላይ ቢቀመጥ የሚወዳደረው የለም፤ ይከብዳልና ንፋስ አይገለብጠውም፣ እርጥበት ቶሎ ይለቃል፣ ሲቆሽሽ ታጥቦ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እንጨትን እንዲህ ማድረግ አይቻልም። ለሲስኪንና ለደቃቃዋ ዘር ለቃሚ ኑግ የሚይዝ የተንጠለጠለ ዕቃ ይሻላል። ሱቅ ሄዶ የሚገዛ ዕቃ መፈለግ አያስፈልግም። ባዶ ሃይላንድ በቂ ነው፤ ጎኑ ላይ በጋለ መርፌ ቀዳዳ ይበሳል፣ ከቀዳዳው ሥር መቆሚያ እንጨት በአግድም ይሰካል። ቀዳዳው ኑጉ አንድ በአንድ እንዲመዘዝ ያህል ብቻ ይከፈት፤ ከሰፋ ሁሉም ፈስሶ የአይጥ እራት ይሆናል። ከታች ውሃ የሚያወጣ ሌላ ቀዳዳ ካልተበጀለት በክረምት ውስጡ ይበሰብሳል። አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ጎኑ ተከፍቶ ቢሰቀል ደግሞ ጣሪያም ወለልም ያለው ገበታ ይሆናል። የተቆረጠው ጠርዝ እግር እንዳይቆርጥ በእሳት ይለስልስ።

አበባ መጣጩን በስኳር ውሃ መሳብ የሚፈልጉ አሉ። አንድ እጅ ስኳር በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ቀለም፣ ማር፣ ሌላ ማጣፈጫ አይገባበትም። ይሠራል። ሆኖም በእኛ አካባቢ ቀፎ የሌለው ሰፈር የለምና ንብና ጉንዳን ቀድመው ይደርሳሉ፤ በሁለት ቀን ካልተለወጠም ይቦካል። ያን ሁሉ ከመድከም አንድ የፈረስ ዘንግ ወይም ሬት መትከል ይቀላል። ለፍሬ በሎቹ ከፓፓያና ከሙዝ የተረፈ ቁራጭ ችንካር ላይ ይሰካ፤ ያንኑ ቀን ካልተበላ ይነሳ።

አሁን ቦታው። ሁለት ጠላት አለ፤ አንዱ የሚታይ፣ ሌላው የማይታይ። የሚታየው ድመት ነው። ድመት ከቁጥቋጦ ሥር አድብታ ትዘልላለች፤ ስለዚህ ገበታው ከቁጥቋጦ ሦስት ሜትር ያህል ይራቅ፤ ወፏ ጭልፊት ብትመጣባት በርራ የምትደበቅበት ቅርብ ነው፣ ድመቷ ግን ሳትታይ አትደርስም። ከፍታው ከሰው ወገብ በላይ፣ እጅ በሚደርስበት ይሁን፤ በየጊዜው መውረድና መታጠብ አለበትና። ለመሬት ለቃሚዎቹ የሚበተነው ገላጣ ቦታ ላይ ይበተን፣ ማታ ደግሞ ተጠርጎ ይነሳ። ያደረ ጥሬ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ሲመጣ ሰው መርዝ ያስቀምጣል፣ የተመረዘችውን አይጥ ጉጉት ትበላለች። ጉጉት እንደ ክፉ ሟርት በሚታይበት አገር ለእሷ የሚከራከር ጥቂት ነው፤ እኔ እከራከራለሁ፤ አይጥን እንደ እሷ የሚያጠፋ የለምና።

የማይታየው ጠላት መስታወት ነው። አዲሶቹ የሱሉልታና የለገጣፎ ቤቶች ሰፋፊ አንጸባራቂ መስኮት አላቸው፤ ወፏ በመስኮቱ ላይ የምታየው ሰማይና ዛፍ እውነተኛ ይመስላትና በሙሉ ኃይሏ ትጋጫለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ365 እስከ 988 ሚሊዮን ወፍ ከሕንፃ ጋር ተጋጭቶ እንደሚሞት ገምቷል። ጉዳዩን ለአሥርት ዓመታት ያጠናው ዳንኤል ክሌም ያገኘው መፍትሔ ርቀት ነው፤ ገበታው ወይ ከመስታወቱ አንድ ሜትር ባልሞላ ርቀት ይሁን፣ ወይ ከአሥር ሜትር ይራቅ። ቅርብ ከሆነ ወፏ ስትነሳ ፍጥነት አታገኝም፤ መካከሉ ላይ ግን ገዳይ ፍጥነት ታበጃለች። የግቢያችን ስፋት ብዙ ጊዜ አሥር ሜትር ስለማይፈቅድ መስኮቱ ላይ መጠጋት ይሻላል። መጋረጃ ከውስጥ መዝጋት ነጸብራቁን አያጠፋም፤ ከውጭ በኩል በጣት ስፋት ልዩነት የተንጠለጠለ ገመድ ወይም በኖራ የተሰመረ መስመር ግን ወፏን ያስጠነቅቃታል።

በሽታው ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ መመገቢያ በጎ ሥራ መሆኑ የሚቀርበት በዚህ በኩል ነውና። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ትሪኮሞኖሲስ የተባለ የጉሮሮ በሽታ ግሪንፊንች የሚባለውን ወፍ ፈጀው። በጥቂት ዓመታት ቁጥሩ ከ4.3 ሚሊዮን ወደ 2.8 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ጥገኛ ተሕዋሱ የሚኖረው በእርግቦችና በዋኔዎች ጉሮሮ ሲሆን የሚተላለፈው በምራቅ፣ በተጋሩት ጥሬና ውሃ ነው፤ በአንድ ገበታ ላይ መሰብሰብ በሽታውን አሰራጨው። የአገሪቱ ትልቁ የወፎች ጥበቃ ማኅበር አርኤስፒቢ እ.ኤ.አ. በ2025 ጠፍጣፋ ገበታ መሸጥ አቁሟል። ምጣዱን ላመሰገንኩ ለእኔ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። ጠፍጣፋ ገበታ የሚፈቀደው በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ጥሬ ብቻ ሲደረግበትና በየቀኑ ሲታጠብ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይታጠብ፣ በደንብ ይለቅለቅ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ክንፏን ጥላ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ሰው ሲቀርባት የማትነሳ ወፍ ከታየች ጥሬውም ውሃውም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይነሳ።

ዶሮ ያለው ቤት ደግሞ ፈንግልን ያስብ። የፈንግል ቫይረስ በእርግብ ላይ የሚኖር ዝርያ አለው፤ ስለዚህ የወፍ ገበታና የዶሮ መኖ አይገናኙ፣ የዶሮው ቤት በወንፊት ሽቦ ይከለል። ክትባቱ ከባድ ነገር አይደለም፤ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ ተቋም አገር ውስጥ ይመረታል።

ከግቢው አጥር ማዶ ያለው ሰውም የዚህ ጉዳይ አካል ነው። ሰንዳፋ ላይ ከአንድ ቤት ቀጥሎ የገብስ ማሳ ሊኖር ይችላል፤ በማሳው ዳር ልጅ ወንጭፍ ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ ወፍ ይጠብቃል። በስምጥ ሸለቆ ግሪሳ ያወደመውን ማሽላ ያየ ገበሬ ስለ ወፍ ፍቅር ቢነገረው ላይሰማ ይችላል፤ መብቱ ነው። የደጋዎቹ ድንቢጦች ግሪሳ አይደሉም፤ ቢሆንም እህሉ ወተት ሲይዝ ጀምሮ እስኪሰበሰብ ድረስ ከማሳ አጠገብ ጥሬ መበተን የጎረቤትን ልፋት መናቅ ነው። በዚያ ወቅት ውሃ ብቻ ይቀመጥ።

መመገቢያ የማይደርስላቸውን ወፎች ሳያነሱ ማለፍ ደግሞ ዳሰሳውን ያጎድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች ጠቃሚ ናቸው ያላቸውን 69 ቦታዎች መዝግቦ ነበር። የሱሉልታ ሜዳ፣ ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ፣ ከሰበታ በላይ ያለው የመናገሻ ደን በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። በሱሉልታ ረግረግ በክረምት ይራባ የነበረው ነጭ ክንፉ ደቃቃ የሣር ወፍ ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከተመናመኑት አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በመጥፋት አፋፍ ላይ ያለ ተብሎ ተመድቧል። አሁን በዋናነት የሚታወቅበት የመራቢያ ሥፍራ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የበርጋ ረግረግ ሲሆን የአካባቢው ነዋሪዎች ከማኅበሩ ጋር ሆነው ይጠብቁታል። የእኛ ብቻ የሆነው ሰማያዊ ክንፍ ዝይም እርጥብ ሣር እንጂ ጥሬ አይፈልግም። ለእነዚህ የሚሆን ዕቃ የለም። ረግረጉ ካልታጠረ፣ ካልተጠፈፈ፣ ቤት ካልተሠራበት ይኖራሉ። ጓሮው ላይ የኑግ ቱቦ ሰቅሎ የሰፈሩ ረግረግ በአፈር ሲደለደል ዝም የሚል ሰው ለወፍ የሰጠው ከወሰደባት ያነሰ ነው።

የቀረው መትከል ነው። በእነዚህ ከተሞች የብሎኬት አጥር የቁጥቋጦውን አጥር እየተካ መጥቷል፤ ከቁጥቋጦው ጋር ጎጆ መሥሪያውም፣ ፍሬውም፣ መደበቂያውም ሄዷል። ብሎኬቱን ማፍረስ አያስፈልግም፤ በውስጥ በኩል አንድ ሜትር ስፋት ያለው ረድፍ ይበቃል። አጋምና ቀጋ እሾሃቸው ድመት ይከለክላል፣ ፍሬያቸው ፍሬ በሉን ይጠራል። አምጃ ለደጋው የተፈጠረ ነው። ቦታ ያለው ወይራና ጽድ ይጨምር፤ የጽዱን ፍሬ አረንጓዴዋ በቀቀን ትመጣበታለች። በጓሮው ጥግ ሁለት እርምጃ የምታህል መደብ ላይ በሰኔ ኑግ የዘራ ሰው በጥቅምት ቢጫ አበባ፣ በኅዳር ደግሞ ዘር ያገኛል፤ አገዳውን ሳያጭድ ቢተወው ሲስኪኖቹ እዚያው ቆመው ይለቅሙታል፣ የሚታጠብ ዕቃም የለም። ለአበባ መጣጩ ኮርች ይተከል፤ ቀይ አበባው በበጋ፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ይፈነዳል። ኮርች ችግኝ አያስፈልገውም፤ የክንድ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ተቆርጦ ጥቂት ቀን ጥላ ሥር ከደረቀ በኋላ ዝናብ ሊገባ ሲል ጉድጓድ ውስጥ ቢቆም ሥር ይሰዳል።